«ኮምፒዩተር አይዋሽም»

ይህችን ርዕስ የጻፍኳት ዛሬ አይደለም። የጻፍኳት በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ለዚያውም በገንዘብ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ቋሚ ሥራ አጥቼ፣ ከአንድ የግል ማተሚያ ቤት ደጃፍ የማልጠፋበት ጊዜ ነበር። መጽሐፍ ሲመጣ አርማለሁ፤ ማስታወቂያ ሲፈለግ አረቃለሁ፤ የሠርግ መጥሪያ ላይ የሙሽሮችን ስም ስንቴ እንዳቃናሁ እግዜር ይወቀው። ታዲያ አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝና «የሠራተኛ መግቢያና መውጫ ሰዓት ከእንግዲህ በኮምፒዩተር ሊሆን ነው፤ ሠራተኛው እንዳያጉረመርም አንድ ጥሩ ማስታወቂያ ጻፍልን» አሉኝ። ጻፍኩ። መዝጊያው ላይ፣ ከሌላው ፊደል ተለቅ ብሎ እንዲታተም ምልክት አድርጌ፣ «ሰው ይሳሳታል፤ ኮምፒዩተር አይዋሽም» የሚል አሰፈርኩበት። ሥራ አስኪያጁ ወደዷት። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ወደድኳት። አንድ መቶ ሃምሳ ብር ተከፈለኝ።

ያቺ ዐረፍተ ነገር አንድ ሽማግሌ ከሥራቸው ልታስባርር ምንም ያህል አልቀራትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማተሚያ ቤቱ ጥረዛ ክፍል ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው አዛውንት ነበሩ። መርፌና ክር፣ ሙጫና ካርቶን ይዘው ሠላሳ አንድ ዓመት ጠርዘዋል። ባለቤታቸው አልጋ ላይ ናቸው። ቀን ቀን የምታስታምማቸው ልጅ የማታ ተማሪ ስለሆነች አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መሄድ አለባት። ስለዚህ ሌላው ሠራተኛ ከእጁ ላይ ቀለም ሲያጥብ፣ ልብስ ሲለውጥ፣ ወሬ ሲያወራ ሩብ ሰዓት ሲያባክን፣ ጋሼ ልክ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከበሩ ላይ ናቸው። አንዲት ደቂቃ አይቀድሙም፤ አንዲት ደቂቃ አይዘገዩም።

አዲሱ ማሽን በገባ በሁለት ወሩ ጋሼ ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ደንቡ ከመውጫ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በላይ ቀድሞ የወጣ ሰው የግማሽ ቀን ደመወዙን ይቀጣል ይላል። በሦስተኛ ማስጠንቀቂያ ስንብት ነው። ከማሽኑ የወጣው ወረቀት ደግሞ ጋሼ በተከሰሱባቸው ዓርቦች ሁሉ የወጡት 10፡54 ላይ መሆኑን ይመሰክራል። «ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ» አሏቸው ሥራ አስኪያጁ፤ «ግን ማስታወቂያውን አንብበዋል አይደል? ኮምፒዩተር አይዋሽም።»

ጋሼ አቤቱታ እንድጽፍላቸው ወደ እኔ መጡ። እጃቸው ላይ ያለችውን በእጅ የምትጠመዘዝ አሮጌ ሰዓት እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ እኔ ይቺን ሰዓት በየማለዳው ከሬዲዮ ዜና ጋር አስተያያታለሁ። አሥራ አንድ ሳይሞላ ወጥቼ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሌባ ያልተባልኩ ሰውዬ፣ በስተርጅና የደቂቃ ሌባ ልባል?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ማስታወቂያ ቀና ብለው፣ «ይህን የጻፈው ሰው ማን ይሆን?» ሲሉ ጠየቁ። እኔ እስክሪብቶዬን ፈለግሁ። እጄ ላይ ነበረ።

ትምህርት ቤት ሳለን አንድ መምህራችን «በአንድ ምንጭ ዜና አይጻፍም» የምትል ነገር ነበረቻቸው፤ ፈተና ላይ ሁልጊዜ ትመጣለች። እኔ ፈተናዋን አልፌ ትምህርቷን ጥያት ኖሯል። ሰኞ ዕለት ከሬዲዮ ጋር ያስተካከልኩትን የሞባይል ስልኬን ይዤ ማታ በአሥራ አንድ ሰዓት ከማሽኑ አጠገብ ቆምኩ። ማሽኑ አንድ ደቂቃ ያህል ወደኋላ ቀርቷል። ማክሰኞ ሁለት ደቂቃ። ረቡዕ ሦስት። ሐሙስ ከአራት በላይ። ዓርብ አምስት ተኩል! ሰኞ ጠዋት ስመለስ ደግሞ ማሽኑ ከሬዲዮው ጋር ልክ ለልክ ሆኖ ጠበቀኝ። ሥራ አስኪያጁ ጥርጣሬ በገባቸው ቁጥር ማሽኑን የሚያዩት ሰኞ ጠዋት ነበር። በዚህ ላይ ሐሙስ መብራት የጠፋ እንደሆነ ማሽኑ ይድናል፤ የዚያ ሳምንት ዓርብ ጋሼ ንጹሕ ሰው ናቸው። መቼም መብራት መጥፋቱ የፈወሰው በሽታ ያኔ ነው ያየሁት።

የአክስቴ ልጅ በዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የተማረች ናት። የጻፍኩትን የደቂቃ ዝርዝር ሳሳያት ብዙም ሳታስብ «ወንድሜ፣ ይኼ ሰዓት አይደለም የተበላሸው፤ ሰዓቱን የሚያንኳኳው ሰው በር ተዘግቶበት ነው» አለችኝ። አልገባኝም። ገበታው ላይ እንጀራ ነበርና በእንጀራ አስረዳችኝ።

«እናቴ እንጀራ ስትጋግር አስብ» አለች። «ምጣዱ ግሏል፣ ሊጡ ከእጇ ነው። በር ተንኳኳ። እናቴ ምን ታደርጋለች? ‹መጣሁ!› ትላለች። ምጣዱን ትከድናለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ እንግዳውን ‹አረፍ በል› ብላ ወዲያው ወደ ምጣዱ ትመለሳለች። ቡናው፣ ወሬው፣ የቤተሰቡን ደኅንነት መጠየቁ ጋግራ ስትጨርስ ነው። እንግዳውን ይዛ በር ላይ ወሬ ከጀመረች እንጀራው ያርራል። ‹መጣሁ› ካላለች ደግሞ እንግዳው በሩን ሲደበድብ ይውላል። የኮምፒዩተርም ነገር ይኸው ነው።»

አንባቢዬ፣ እኔም እንደገባኝ ላስረዳህ። በኮምፒዩተር ውስጥ ከርነል የሚባል አለ፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ የቤቱ እመቤት በለው። ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጋር፣ ከቁልፍ ሰሌዳው፣ ከዲስኩ፣ ከካርድ ማንበቢያው ጋር የሚነጋገሩለት ድራይቨር የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉት። አንድ መሣሪያ «ጉዳይ አለኝ» ሲል የሚያሰማው ማንኳኳት ኢንተረፕት ይባላል። ከርነሉ የያዘውን ሥራ ካለበት ያቆማል፣ ለዚያ መሣሪያ የተመደበችውን አጭር ፕሮግራም ይሮጣል፣ «ሰምቻለሁ» የሚል መልስ ይሰጣል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ረዥሙን ሥራ ለኋላ ያስተላልፈዋል። ባለሙያዎቹ በር የምትከፍተዋን «ላይኛው ግማሽ»፣ ለኋላ የቆየውን «ታችኛው ግማሽ» ይሉታል። ላይኛው ግማሽ ውስጥ መተኛት፣ አንድ ነገር እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ከአንኳኪዎቹ ሁሉ ያላረፈው ታይመሩ ነው። አይቢኤም በ1981 እ.ኤ.አ. የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ ሲያቀርብ ኢንቴል 8253 የምትባል ቆጣሪ ቺፕ አብሮ ሰክቶ ነበር። ቆጣሪዋ በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ የሚመታ ምት ይደርሳታል። አንድ ቁጥር ሲሰጧት ከዚያ ወደ ታች ትቆጥርና ስትጨርስ አንዴ ታንኳኳለች። ዶስ የተባለው የድሮ ሲስተም 65,536 ይሰጣት ስለነበር በሰከንድ 18.2 ጊዜ ገደማ ታንኳኳለታለች። በማተሚያ ቤታችን ማሽን ላይ የተጫነው አሮጌ ሊኑክስ፣ 2.4 የተባለው፣ 11,932 ነበር የሚሰጣት፤ ስለዚህ በሰከንድ አንድ መቶ ጊዜ፣ በየ10 ሚሊ ሰከንዱ አንዴ ማለት ነው። ከርነሉ በእያንዳንዷ ትርታ ሰዓቱን 10 ሚሊ ሰከንድ ወደፊት ይገፋል። ከሌላ ቦታ ሰዓት አይጠይቅም። ባትሪ ያላት ትንሽ ሰዓት ማሽኑ ውስጥ አለች፤ እሷን ግን የሚጠይቃት ሲነሳ አንዴ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያምነው ትርታውን ነው። አንድ ምንጭ! እንደ እኔው።

«እሺ፣ ትርታው ቢቀርበትስ?» አልኳት።

«ሰዓቱ ይዘገያላ። መዘግየቱን ግን አያውቅም» አለች።

ፕሮግራሙን የጻፈውን ወጣት ፈልገን አገኘነው። ልጁ ደግሞ ጨዋ ልጅ ነው፤ አላኮረፈም፤ የጻፈውን አምጥቶ ፊታችን ዘረጋው። የካርድ ማንበቢያውን ድራይቨር የጻፈው ራሱ ነው። ሠራተኛው ካርዱን በስንጥቁ ሲያሳልፍ ከካርዱ ጥቁር መስመር ላይ የአንድና የዜሮ ምልክቶች እየተከታተሉ ይመጣሉ። ልጁ መጀመሪያ ሲሞክር፣ መሀል ላይ ታይመሩ እያንኳኳ ከርነሉን ሲጠራበት አንዳንድ ምልክት ያመልጠዋል፤ ቁጥሩም ይዛባል። ስለዚህ መላ መታ። ካርዱ ማለፍ ሲጀምር ኢንተረፕት የሚባለውን ሁሉ ዘጋ፤ ካርዱ አልፎ እስኪያልቅ ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቀ፤ ከዚያ ከፈተ። አንድ ካርድ ለማለፍ 0.3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ለእኔና ለአንተ ይህ የዓይን ጥቅሻ ነው። ለታይመሩ ግን ሠላሳ ማንኳኳት ነው።

ሠላሳ ጊዜ ቢንኳኳ በሩ ሲከፈት ሠላሳውም ይገቡ የለ? አይገቡም። ማንኳኳቱን ተቀብሎ ለከርነሉ የሚያደርስ 8259 የሚባል ዘበኛ ቺፕ አለ፤ ዘበኛው ለእያንዳንዱ አንኳኪ ያለው አንዲት ምልክት ብቻ ናት። «ታይመር መጥቶ ነበር» ይላል እንጂ «ሠላሳ ጊዜ መጥቶ ነበር» ማለት አይችልም። ስለዚህ አንዷ ትርታ ትገባለች፤ ሃያ ዘጠኟ ውሃ በላት። በማተሚያ ቤቱ ስልሳ ሠራተኛ አለ፤ ጠዋት ሲገባ፣ ለምሳ ሲወጣ፣ ከምሳ ሲመለስ፣ ማታ ሲወጣ በቀን አራት ጊዜ ካርድ ያሳልፋል። ሁለት መቶ አርባ ካርድ፣ እያንዳንዱ 0.29 ሰከንድ ሲበላ፣ በቀን ሰባ ሰከንድ ይሆናል። በሳምንቱ መጨረሻ አምስት ደቂቃ ተኩል ተሰርቋል። ዓርብ ማታ ዋናው ማብሪያ ይጠፋል፤ ሰኞ ማሽኑ ሲነሳ ባትሪዋን ሰዓት ይጠይቅና እንደገና ንጹሕ ይሆናል። እነሆ ሌባው! ሌባው የገባውና የወጣው ሠራተኛ ራሱ ካርዱን ባሳለፈ ቁጥር ሰዓቱን ወደኋላ ይጎትት ኖሯል፤ ዕዳው ግን የሚከፈለው በሰዓቱ በሚወጣው በአንድ ሰው ነው።

በእሑድ ቀን ሥራ አስኪያጁን ለምነን በሩን አስከፈትን። ጋሼም ሰዓታቸውን ይዘው መጡ። የአክስቴ ልጅ ማሽኑን አስነስታ፣ ሊኑክስ እያንዳንዱ አንኳኪ ስንት ጊዜ እንደመጣ የሚጽፍበትን መዝገብ ከፈተች። ጋሼ በሰዓታቸው አንድ ደቂቃ ለኩ። ካርድ ሳናሳልፍ መዝገቡ ላይ 6,000 ትርታ ተጨመረ፤ በሰከንድ መቶ፣ ልክ ነው። ሁለተኛውን ደቂቃ ሲለኩ አሥር ካርድ አሳለፍን። የተጨመረው 5,710 አካባቢ ብቻ ሆነ። ከዚያ ያቺኑ ካርድ መቶ ጊዜ አሳለፍናት። ከጋሼ ሰዓት ጋር ስናስተያይ ማሽኑ ሃያ ዘጠኝ ሰከንድ ቀርቷል። ሥራ አስኪያጁ የጋሼን ክንድ ይዘው ሰዓቲቱን ለረዥም ጊዜ ተመለከቱ። ምንም አላሉም።

ጥገናው ግን እንዳሰብነው ቀላል አልሆነም። ወጣቱ መዝጊያዋን መስመር ሰረዛት፤ «አለቀ» አለ። ሰዓቱ ተስተካከለ፤ ካርዱ ግን ተዛባ፤ ድሮ የሸሸው በሽታ ተመልሶ መጣ። በር የሚዘጋ ሰው ሁሉ ያለ ምክንያት አይዘጋም ለካ። የአክስቴ ልጅ ግን ጥያቄውን ገለበጠችው፤ ካርዱ እስኪያልቅ እኛ ለምን ቆመን እንጠብቃለን? ካርዱ ራሱ ለምን አያንኳኳም? ማንበቢያው ለእያንዳንዷ ምልክት አንድ ምት ይልካል። ያንን ሽቦ ለፕሪንተር ተብሎ በተሠራው መሰኪያ ላይ ኢንተረፕት ማስነሻ ወዳለው ቀዳዳ አዛወሩት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ ምልክት በመጣች ቁጥር ታንኳኳለች፤ ድራይቨሩ ያቺን አንዲት ምልክት ተቀብሎ፣ ጽፎ፣ ወዲያው ይመለሳል። ቀጣይዋ እስክትመጣ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በላይ ስላለ ታይመሩ በመሀል ደርሶ ትርታውን አስቆጥሮ ይሄዳል። ካርዱ ማለቁን የሚነግረውም ይኸው ታይመር ሆነ። በእያንዳንዷ ምልክት «ከ50 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ቀስቅሰኝ» ተብሎ ይነገረዋል፤ አዲስ ምልክት ስትመጣ ቀጠሮው ይገፋል፤ ካልመጣች ግን ቀጠሮው ይደርስና «ካርዱ አልቋል» ይላል።

ይህም ሆኖ በማግሥቱ ሌላ ጉድ ተሰማ። ጠዋት በግርግሩ ሰዓት የአንዱ ካርድ መጀመሪያ ከሌላው ካርድ መጨረሻ ጋር ተጣብቆ ተመዘገበ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መዝጋቢው ፕሮግራም ቁጥሩን ሲገለብጥ መሀል ላይ አዲስ ካርድ አንኳኩቶ እዚያው ገጽ ላይ ይጽፍበታል። ለዚህ መፍትሔው በሩን መዝጋት ነው። አዎ፣ መዝጋት! ግን ቁጥሩ እስኪገለበጥ ድረስ ብቻ፤ ከሚሊ ሰከንድ እጅግ ላነሰች ጊዜ። እዚህ ላይ የአክስቴ ልጅ ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። «መዝጋት ኃጢአት አይደለም፤ ዘግቶ መጠበቅ ነው ኃጢአቱ» አለች።

ያኔ ነገሩን የአንዲት ማተሚያ ቤት ጣጣ አድርጌ ነበር የማየው። በኋላ ሳነብ ግን ራሴን ያዝኩ። በየካቲት 25 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. በባሕረ ሰላጤው ጦርነት፣ ሳውዲ ዓረቢያ ዳህራን ላይ የተተከለ ፓትሪየት የተባለ ጸረ ሚሳይል መሣሪያ የኢራቅን ስከድ ሚሳይል ሳያስቆም ቀረ፤ 28 አሜሪካውያን ወታደሮች ሞቱ። መሣሪያው ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አሥረኛ ነበር። የእሱ ስሕተት ከእኛ ይለያል፤ ትርታው አልጠፋም፤ የተቆጠረውን ወደ ሰከንድ ሲለውጥ አንድ አሥረኛን በ24 ቢት ጎርዶ ስለሚያባዛ ነበር የሚስተው። ነገር ግን 100 ሰዓት ያለ ማቋረጥ ሲሠራ ስሕተቱ ተጠራቅሞ ወደ 0.34 ሰከንድ ደረሰ፤ ስከድ በዚያች ቅጽበት ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ያም መሣሪያ አጥፍተው ሲያስነሱት ይድን ነበር። የተስተካከለው ፕሮግራም ዳህራን የደረሰው በማግሥቱ ነው።

ዛሬ ያ ዓይነት ሊኑክስ አርጅቷል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡት ከርነሎች ሰዓታቸውን የሚይዙት ማንኳኳት በመቁጠር ብቻ አይደለም። ሳያቋርጥ የሚሮጥ ሌላ ቆጣሪ አለ፤ ትርታ ቢያመልጥም ሲመለሱ እሱን አንብበው ስንት ጊዜ እንዳለፈ ያውቃሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሥራ በሌለ ሰዓት ታይመሩ ጭራሽ ሳያንኳኳ የሚያርፍበት ዘዴ መጣ። ደንቡ ግን ዛሬም ያው ነው፤ ስትጠራ ቶሎ መልስ ስጥ፣ የምትችለውን ለኋላ አቆይ፣ በሩን ከዘጋህ ለአጭር ጊዜ ይሁን።

የጋሼ ሁለቱ ማስጠንቀቂያዎች ተሰረዙ፤ የተቆረጠውም ደመወዝ ተመለሰላቸው። ማስታወቂያውን ከግድግዳው የገነጠልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። ማታ ሲወጡ ጠብቄ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኋቸው። ምራቄን ዋጥ አደረግሁና «ጋሼ፣ ያንን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ፣ አካሄዳቸውን ሳይለውጡ። «ረቂቁን በእጅ ጽሑፍህ አይቼዋለሁ። አቤቱታውን ላንተ ያመጣሁትስ ለምን መሰለህ፣ ልጄ? የጻፈ ሰው መሰረዝም ያውቃል ብዬ ነው።»

ሰዓታቸውን አዩና ፈጠን አሉ። የምታስታምመዋ ልጅ ትጠብቃቸው ነበር።